ትርፍ

ከተማው ሲተኛ ለእኛ ይከፈታል፤
ቀን የገፋን መንገድ በሌሊት ይጠራል።
ከአብነት ሽቅብ፣ ወደ ሰባተኛ፣
በአንደኛ ማርሽ፣ እንደ ዳተኛ፣
አራት መቶ ኩንታል ስኳር ተሸክሜ፣
የሁለት ቀን እንቅልፍ ከዓይኔ ላይ ለቅሜ፣
ገብቼ ቆምኩኝ ከተዘጋ ሱቅ ደጅ።
ሸምሱ ሸራ ፈታ፤ ተሰለፈ አውራጅ።

ከዚያ መጣ ሰውዬው።
ጃኬቱ አዲስ ነው፣ መፋቂያ በአፉ፣
ስሜን ሳይጠይቀኝ ትከሻዬን ማቀፉ!
«ባዶህን ነህ አሉ ነገ ስትመለስ፤
ሦስት ትርፍ አለኝ፣ ጋላፊ እስክትደርስ።
ቀላል ናቸው፣» አለ፣ «ክብደት የላቸውም፤
ሸራ ከለበሱ ማንም አያያቸውም።»

ትርፍ።
በእኛ በሹፌሮች፣ ትርፍ ማለት
ወንበር ያጣ ሰው ነው፣ የሚያስቀጣ፤
በእሱ በነጋዴው፣ ትርፍ ማለት
ያው ሰው ነው፣ ተሽጦ ብር ሲያወጣ።

አውቀዋለሁ ይህን። ሦስት ዓመት ሆነኝ፤
ሌላ ጃኬት ነበር ያኔ ያባበለኝ።
እሺ አልኩ። ምን ይከብዳል እሺ?
«ባዶ ነህ፣ እለፍ» አለኝ የአዋሽ መዛኝ፣
የሚዛኑን ቁጥር አይቶ።
አልዋሸም።
ባዶ ነበርኩ።

ከሚሌ ወዲያ፣ ፀሐዩ ብረት ሲያቀልጥ፣
ስፖንዳው ተንኳኳ፣ ቀስ ብሎ፣ ሳይቋረጥ።
«ውሃ፣ ጋሼ፣ ውሃ!»
ግማሹን ዋጠው ሞተር፣ የቀረውን በረሃ።
ኬላው ቅርብ ነበር። ፍሬን አልያዝኩም።
ስትሳፈር ስሟን ነግራኛለች፣ ሳልጠይቃት፤
ዘምዘም።
ስሟ የውሃ ስም ነው፤ እኔ ነኝ ያስጠማኋት።
ዲቾቶ ላይ ወረዱ፣ በጨለማ።
ስንት እንደወረዱ አልቆጠርኩም።
በገንዘቡ ጎማ ገዛሁ፣ የኋላ፣ የግራ፤
እስከ ዛሬ አልፈነዳም፤ ይዞራል ከእኔ ጋራ።

ባለፈው ማክሰኞ ማኅበሩ ጠርቶን፣
ለገሃር አጠገብ አዳራሽ ሰብስቦን፣
ሃምሳ ሹፌር ሆነን፣ ሃምሳ ድካም ይዘን፣
ትርሲት የምትባል ልጅ እግር ጠየቀችን፤
«መንገድ ላይ ምን አያችሁ?»
ዝም።
ጋሽ ውብሸት ከኋላ «እኛ የምናየው አስፋልት ነው» አሉ፤
ሳቅን። የሳቅነው ያየነው ነን ሁሉ።
እሷ አልሳቀችም።
«አስፋልቱን ጉድጓድ በጉድጓድ የሚያውቅ
በላዩ የሚያልፈውን እንዴት አያውቅ?»
ከዚያ ስልክ ቁጥር ያለበት ተለጣፊ አደለች።
መስታወቱ ላይ፣ ከቦሎው ጎን ለጠፍኩት፤
ሸምሱ አይቶ፣ «ይኼ ደግሞ የምን ቀረጥ ነው?» አለ።

«ትርፍ አልጭንም» አልኩት ለባለ ጃኬቱ።
መፋቂያውን አዞረው፣ ሳቅ አለ ፊቱ፤
«ትርፍ የሚጠላ ሰው ገና ዛሬ አየሁ!»
ብሎኝ ተሻገረ፣
ፊት ለፊቴ ወደቆመው ተሳቢ።

እኔስ አልጫንኩም። ይኼው ነው? ንጹሕ ነኝ?
ያኛው ከጫናቸው፣ የእኔ እምቢ ማንን አዳነልኝ?

ፓውዛ መታሁ።
ትራፊክ ከዛፍ ሥር ሲደበቅ የምንመታውን፣
ሹፌር ለሹፌር «ተጠንቀቅ» የሚልበትን።
ሁለቴ። ሦስቴ።
ያኛውም መለሰ፣ አንዴ፣ እያመነታ፤
ሸምሱ ሳልነግረው ወርዶ ሄደና በሩን መታ።
እኔ ቁጥሩን ደወልኩ።

መብራቱ ነው ያሳየኝ፤
ከሱቁ በረንዳ፣ ካርቶን ላይ፣ ሦስት ልጆች፣
አንድ ፌስታል ለሦስት፣ አዳዲስ ነጠላ ጫማዎች።
ትንሿ ሃይላንድ ታቅፋለች፣ ውሃው ግማሽ።
ወረድኩ። ጎንበስ አልኩ።
ያኔ ያልጠየቅኩትን ጠየቅኩ፤
«ስምሽ ማነው?»

ስልኩ ጆሮዬ ላይ ገና ይጠራል።
ልጅቷ መጀመሪያ ያየችው
እሱን ነው።