በየትኛው ስሙ

ቂርያት ጋት፣ ማዘጋጃ ቤት፣ ሁለተኛው ፎቅ፤
ማተሚያው ተጎልቷል፣ ጠሪውን የማያውቅ።
ዊንዶውሱ ይጣራል በድሮው ስሙ፣
ማኩ በአዲሱ፤ ሁለቱም ደከሙ።
ሊኑክሱ ጥግ ይዞ «የለም» ይላል፣
የሲጋል ደብዳቤ ወረፋ ላይ ያድራል።

ትርንጎ ኬብሉን ነቅላ፣ መልሳ ሰክታ፣
ሦስቴ አጥፍታ፣ ሦስቴ አብርታ
ድንገት ሳቀች።

እሷንም፣ ከአውሮፕላን በወረደች ማግስት፣
ጸሐፊዋ «ኢላና» ብላ መዘገበቻት፤
እናቷ ትርንጎ፣ መምህሯ ኢላና፤
ለየትኛው «አቤት» ትበል፣ ገና ልጅ ናትና።
ቁጥሯን ግን፣ እስከ ዛሬ፣ ማንም አልሳተውም።

ስሙን ተወችና በቁጥሩ ጠራችው።
ጉሮሮውን ጠረገ፤
ትኩስ ወረቀት ተፋ፣
የትናንቱን፣ የትናንት ወዲያውን፣
የሲጋልን ሦስት ቅጂ።

ትርንጎ ፕላስተር ቆርጣ ግንባሩ ላይ ለጠፈች፤
በእስክሪብቶ፣
ሁለቱንም ስሙን ጻፈች።