እንዳለ

ፒያሳ፣ ቲያትር ቤቱ፣ የነሐሴ ማታ፤
ዝናብ ቆርቆሮውን ይቀጠቅጣል፣ አልጣሽ መድረኩ ላይ ቆማ፣
ከጀርባዋ ነጭ ሸራ፣ ከፊቷ የኛ ዝምታ።

ጨረሩ አቧራውን ሰንጥቆ ሲበራ
እንዳለ ብቅ አለ ከሸራው፣ በዚያው ኮት፣ ስሟን እየጠራ፦
«አልጣሽ!»
ትዞራለች።

አምና የቀረጹት ነው፣ ሳንባው ሳይከዳው በፊት፤
እሷ ዓመት ጨምራለች፣
እሱ ያው ቅዳሜ ላይ ነው፣ ያው ፈገግታ፣ ያው ፊት።
ልትነካው ስትጠጋ የገዛ ጥላዋ ይውጠዋል፤
ወደ ኋላ ስታፈገፍግ፣ እንዳለ፣ ሙሉ ሰው ይወጣዋል።

ከዚያ መብራት ሄደ።
በጨለማው «እንዳለ!» ስትል ሰማናት፤
ጽሑፉ ላይ የሌለ ቃል፣
አስታዋሹም አላረማት።

ጄኔሬተሩ ተነሳ። ፊልሙ ሀ ብሎ ጀመረ፦
«አልጣሽ!»
ዞረች።
«ይሄን'ኮ አይተነዋል» የሚል ማንም አልነበረ።