አንድ እግር ጫማ

ጥር ነው። ረፋድ ነው። ፀሐይ ግን አልወጣች፤
ከኅዳር ጀምሮ ከባሕሩ ማዶ እንደተኛች ቀረች።
ማታ ዝናብ ጣለ፣ ሌሊት ብርድ መጣ፤
የሃመርፌስት ቁልቁለት ብርጭቆ ሆኖ ወጣ።

እኔ ቶርላይፍ ነኝ፤ ሰባ ሦስት ዓመቴ፣
ማዕበል ላይ ቆሞ ነው የጠና ጉልበቴ።
አርባ ዓመት በጀልባ ወዲያ ወዲህ ስል
አንድ ቀን አልወደቅሁ፣ ባሕሩ እንደ ወይፈን ሲዘል።
ዛሬ ግን በየብስ፣ ከቤቴ እስከ ሱቁ፣
አጥር ለአጥር ዳኸሁ፤ ልጆች እያዩኝ ሣቁ።

በፌስታል ይዣለሁ የአስላውግን ጫማ፣
የግራ እግሯን ብቻ፤ ቀኙማ… ቀኙማ…
በመቀስ ቀደዱት የአምቡላንስ ሰዎች ያን ለታ፣
ከደረጃችን ሥር ሲያነሷት፣ ሐሙስ ማታ።

የሱቁ ግድግዳ ሙሉ ጥርስ፤ የሚስቅ ይመስላል።
የትኛው በረዶውን ይነክሳል? የትኛው ስሞ ያልፋል?
ይህ ጎማ ላይ ሚስማር፣ ያ ጥምዝምዝ ሽቦ፣
ያኛው ሰንሰለት ነው፣ ለተራራ ታስቦ፤
ይህ ለተረከዝ ብቻ፣ አጣጥፈው በኪስ የሚይዙት፣
ለባንክ፣ ለመድኃኒት ቤት፣ ቶሎ የሚያወልቁት።
ርካሹን አነሣሁ፤
እንደ መርከብ ገመድ ጎትቼ ፈተንኩት፣
በብርድ የሚሰነጠቅ ነው፤ ወዲያው መለስኩት።

ሻጯ ልጅ ቢረት ናት፣ ከሳሚዎቹ ወገን፤
የአባቷን አጋዘኖች በጀልባ እናሻግር ነበርን።
«ጫማውን ያምጡት» አለች፤ ፌስታሉን ገለበጥኩ።
«ሌላውስ?» አለችኝ። ሳል ይዞኝ ዝም አልኩ።
አፍንጫውን አስገባች፣ ወደ ኋላ ለጠጠች፣
እንደ አሳ ገልብጣ ሆዱን አሳየች፦
«ሰፊ ከሆነ ይወልቃል፤ ጠባቡ ይበጠሳል፤
ሚስማሩ ፊት ላይ ብቻ ከሆነ ተረከዝ ያዳልጣል።
ቤት ሲገቡ ደግሞ ያውልቁት፤ በሸክላ ወለል ላይ
ይኸው የሚያድነው ጥርስ ራሱ ነው ገዳይ።»

ለሰው የምነግረው፣ «አስላውግ ኮርታ ነው፣
ሚስማር የአሮጊት ነው ብላ እምቢ ያለችው።»
ውሸት ነው።
እሷ ለምናኛለች፣ በኅዳር መባቻ፤
«የባሕርተኛ ሚስት በሚስማር ትሂድ?» ብዬ ሣቅሁባት ብቻ።
ያኔ ጥርሴን አሳየኋት፤
ዛሬ ጥርስ ልገዛላት መጣሁ።
የእግር ወለምታ ታሽቶ ይድን ይሆናል፣
የምላሴን ወለምታ ማን አሽቶ ያድነዋል?

«መቼ ትወጣለች?» «ግንቦት ላይ ነው» አልኳት።
ግንቦት! በረዶው ቀልጦ ቦዩ የሚጮህበት፣
ሚስማር ከአስፋልት ጋር በከንቱ የሚፋጭበት።
ቢረት ይህን አላለችም። ዐይኗ ወደ ታች ወረደ፤
ከእግሬ የቀለጠው ውሃ በወለሉ ላይ ሄደ፣
የእኔ ሶል አልቆ እንቁላል መስሏል።
ሌላ ጥንድ አወረደች፤ ቁጥር አርባ አራት፤
አልጠየቀችኝም። እኔም አልመለስኩላት።

ውጭ፣ አግዳሚ ወንበር ላይ፣ እያቃሰትኩ አጠለቅሁ።
ቅርጭ። ቅርጭ። ወደ ሆስፒታሉ ዳገት ወጣሁ።
የእሷ አንዱ ጫማዋን ለብሶ በፌስታል ውስጥ አለ፣
አንዱ ባዶውን በኪሴ፣ ጭኔን እየወጋ ዋለ።

በሩ ላይ አወለቅሁ። ወለሉ ሸክላ ነው።
ሁለት ጥርሳም ጎማ ከእጄ ውሃ እያንጠባጠበ ነው።
አልጋዋ ሦስተኛ ፎቅ፣ ከመስኮቱ አጠገብ፤
«ምንድነው የያዝከው?» ትለኛለች።
ጎማውንስ መረጥኩ፤
መልሱን ገና አልመረጥኩ።