የደጁ አምፖል

ደብረ ማርቆስ፣ ከኮሌጁ ጀርባ፣ ቁልቁል ወደ ውሰታ፣
ሰባት ክፍል ባንድ ጣራ፣ ሰባት በር ባንድ ተርታ።
ግድግዳው ጭቃ ነው፣ ስስ ነው፤ ያንዱ ሳል ላንዱ ይሰማል፤
የጎረቤቱን ስም ብትጠይቀው ግን፣ "እንጃ፣ የሚያስለው ልጅ" ይልሃል።

እኔ ነኝ አራተኛው በር፤ ከቢቸና በአይሱዙ የመጣሁ፣
በከረጢት የእናቴን በሶ፣ በጆሮዬ ያባቴን ምክር ያመጣሁ፤
"ከተማ እጅ አለው ልጄ፣ ዕቃህን ካይንህ አትለይ።"
አልለየሁም ነበር፤ ገበያ ወጣሁ እንጂ ቅዳሜ፣ ሳሙና ልገዛ፣ ዋጋ ላይ።

ስመለስ መቀርቀሪያው ተነቅሎ፣ በሩ አፉን ከፍቶ ጠበቀኝ፤
ምድጃዬ የለም፣ ቻርጅ ላይ የተውኩት ስልክ የለም፣ በሶው እንኳ አልተረፈኝ።
ደብተሬን ትቶልኝ ሄዷል፤ የኬሚስትሪው አልተነካም፤
ገልጦ አይቶት ይሆናል ሌባውም፤ እንደኔው አልገባውም።

ያን ሰሞን ሰባታችንም ሰባት ትልልቅ ቁልፍ ገዛን፤
ቁልፉ በጠነከረ ቁጥር እኛ ውስጥ ውስጡን ፈዘዝን።
አንደኛው በር ሁለተኛውን ጠረጠረ፤ ሁለተኛው እኔን አየ፤
ሰላምታም፣ ድሮም ትንሽ የነበረው፣ ከዚያ ሳምንት ጀምሮ ከግቢው ተለየ።
ባንቺአምላክ፣ ስድስተኛው በር፣ ሽንት ቤት መውጣት ተወች ማታ፤
ከቤተ መጻሕፍት ሳይመሽ ትሮጣለች፣ ግማሹን ገጽ ለነገ ትታ።

ሌባው አንድ ቀን ነው የመጣው። ፍርሃቱ ግን ገብቶ ከረመ፤
ኪራይ ሳይከፍል፣ በየክፍላችን፣ ራስጌያችን ላይ ቆመ።

ከኅዳር ሌሊቶች ባንዱ ደጅ ላይ ኮቴ ሰማሁ። ቀስ ያለ። የተደበቀ።
ትንፋሼን ዋጥሁ። ከግድግዳው ማዶ ሌላ ትንፋሽ ተጨነቀ፤
ከዚያም ማዶ አልጋ ሲጢጥ አለ፤
ሰባቱም ክፍል አንድ ጆሮ ሆኖ እንደ ቆመ አለ።
በሬን በርግጄ ወጣሁ፣ ፍልጥ በእጄ፤ ሦስት በር አብሮኝ ተከፈተ፤
መሀላችን አንድ ልጅ፣ በካልሲ፣ ደብተር ታቅፎ፣ ቃል አፉ ላይ የሞተ።
"እንየው ነኝ" አለ ዘግይቶ፣ "ሁለተኛው በር፤ ነገ ፈተና ነው፤
አምፖሌ ተቃጥሎ፣ መንገድ ዳር ካለው ፖል ሥር ላነብ ነው።
ጫማዬን ያወለቅሁት…" ድምፁ ተቆረጠ፣
"ጫማዬን ያወለቅሁት እንዳልቀሰቅሳችሁ ነው።"

ፍልጡ ከእጄ ወረደ። ሦስት ወር ግድግዳ ተጋርተን፣
ስሙን ያወቅሁት ያን ሌሊት ነው፤ ልፈነክተው አንድ ክንድ ሲቀረን።

በማግስቱ እትዬ ፈንታነሽን ለደጁ አምፖል ለመንን፤
"ቆጣሪው በማን?" አለች። "በኛ" አልናት፣ አሥር አሥር ብር አዋጥተን።
አትርሳው፣ ብየዳ የሚማረው፣ በየመቃኑ ብረት በየደ፤
ከቤተ መጻሕፍት የሚመለስ ሁሉ፣ እየተጠባበቀ፣ በቡድን ወረደ።
ስማችንን በየዕቃው በምስማር ጫርን፤
አዲሱ ምድጃዬ ሆዱ ላይ "ይበልጣል፣ ዘቢቸና" ይላል፤
ክርስትና የተነሳ ምድጃ ሰርቆ ማን ይሸጣል? ማንስ ይገዛል?

በሦስተኛው ሳምንት አምፖሉ ራሱ ተሰረቀ።
ተረት ቢሆን ኖሮ ሌባው ተይዞ፣ "ማሩኝ" ብሎ፣ አልቅሶ በታረቀ።
አልተያዘም። የተንጠለጠለውን ባዶ ሽቦ አየን፤
መጀመሪያ የሳቀችው ባንቺአምላክ ናት፤
ከዚያ ሁላችንም፣ በጨለማ፣ ደጅ ላይ፣ ሆዳችንን እስኪያመን ሳቅንላት።

ሌላ ገዛን። አትርሳው ከሽቦ ቀፎ ሠራለት፣ እንደ ዶሮ ቤት።

ኮቴ ስሰማ ዛሬም እነቃለሁ፤ አልዋሽም፤ ልቤ ዘሎ ይቆማል፤
ከዚያ ሳሉ ይመጣል። ጫማውን አያወልቅም አሁን፤ እያስጮኸ ይረግጣል።
"ማነው?" እለዋለሁ፣ እያወቅሁ፣ በግድግዳው።
"ሁለተኛው በር" አይልም። ስሙን ይላል።