የጠፋ ዕቃ ሳጥን

ኒውፋውንድላንድ ጫፍ፣ ካርታው በሚያልቅበት፣
ጭጋግ ቤት ለቤት ሲዞር እንደ ጎረቤት፣
አምብሮዝ ቀደም ብሎ በሩን ይከፍታል፤
ያበጠውን እንጨት በትከሻው ይመታል።

ይህ አዳራሽ ድሮ የጨው ዓሣ መጋዘን ነበረ፤
ዓሣው ጠፍቶ ጠፍቶ ወና ሆኖ ቀረ።
በኬክ፣ በሎተሪ፣ ከየቤቱ አዋጥተን
ወለል አነጠፍን፣ ከግንቡ ጨው ፍቀን።
አሁንም ሲዘንብ ጨው ያልበዋል ግንቡ፤
ልጆች ይልሱታል በተራ እየቀረቡ።

ስድሳ ሁለት ልጆች፣ ሰባት በጎ ፈቃደኛ፤
ሴልቢ ጡረተኛው ፖስተኛ ነው የኳስ በረኛ፣
ጉልበቱ ሲንቋቋ ይሰማል እስከኛ።
ጄኔል ገና አሥራ ስድስት፤ ፊሽካዋን ስትነፋ
ያ ሁሉ ጫጫታ የሚጠፋ
ይመስላል፤ ግን የለም፤ ይመጣል ሲሰፋ።

እኔ ደግሞ ሹም ነኝ፣ ደሞዝ የማያውቀኝ፤
የጠፋ ዕቃ ሳጥን በጥግ የጠበቀኝ።
አንድ እግር ካልሲ፣ የዋና መነጽር፣
የምሳ ዕቃ ክዳን፣ የተበጠሰ ክር፣
በናፕኪን ተጠቅልሎ አንድ የልጅ ጥርስ ደህና፣
«አትጣሉት» የሚል ተጽፎበታልና፤
ስሙ ታጥቦ ታጥቦ የለቀቀ ጃኬት፣
ማንም «የኔ» ሳይለው ሦስተኛ በጋው የገባለት።

ኮርቢን ዝምተኛ ነው፤ ዘጠኝ ዓመት ሞላው፤
ቀይ ነው የሱፍ ቆቡ፣ ጠርዙን ውሻ የበላው።
ሰኞ፣ ሁሉም ሄዶ መብራት ሳጠፋፋ፣
መስኮቱን አንኳኳ፤ «ቆቤ እኮ ጠፋ!»
ሳጥኑን ገልብጠን ከሥር አወጣነው፤
ማክሰኞም ጠፋበት፤ ደግመን አገኘነው፤
ረቡዕም እንዲሁ፤
ሐሙስ ተቆጣሁኝ፤ «ራስህ ላይ ልስፋው?»
አርብ ግን አየሁት፣ ራሱ ሲያጠፋው፤
እንደ ሌባ አጎንብሶ፣ ግራ ቀኝ እያየ፤
የሚያኖር ሌባ ግን እስከ ዛሬ የት ታየ?

እናቱ ፋብሪካ ሸርጣን ትለቅማለች፤
የማታው ጡሩምባ ሲነፋ ትወጣለች።
እስከዚያ ቤታቸው በር ነው፤ ቁልፍ ነው፤
ፍሪጅ ነው የሚያወራው፤ ሌላው ዝም ያለ ነው።
ሠላሳ ዓመት ሙሉ እዚያው ማሽን ጋ ቆሜ
የኔዋ የት ዋለች? አልጠየቅኩም ደክሜ።

ምንም አልተነፈስኩ። ሰኞ ሲመለስ ግን
እኔው ቀድሜ ደበቅኩት፤ እስኪመሽ ፈለግን፤
ከመረቡ ኋላ፣ ከመሰላሉ ሥር፣
ከአምብሮዝ ገመድ ውስጥ፣ ከቋጠሮው እስር።
መሃል ላይ አረፍ ብለን ዳቦ እንበላለን፤
ስለዚያ ውሻቸው ጥርስ እናወራለን።
«ነገም ይጠፋ ይሆን?» አለኝ በሩ ላይ፤
«ዋልጌ ቆብ ነው» አልኩት፤ «ምን ታውቃለህ? እንይ።»

አንድ ማታ እናቱ ቀድማ ደርሳ ኖሮ፣
በቦት ጫማዋ ላይ ቅርፊት ተሰንቅሮ፣
«ወይዘሮ ፒንሰንት፣ አስቸገርንዎት» አለች፤
«ከእንግዲህ አይጠፋም።»
ከቆቡ እስከ ኮቱ ገመድ ሰፍታለች፤
በድርብ ክር፣ ሌሊት፣ ከሥራ ስትገባ፣
ዓይኗ እንቅልፍ ሲያባባ።
አመሰገንኳት። ክሩን ዳበስኩት። ጥሩ ስፌት ነበር።
እኔና ኮርቢን ተያየን አንድ አፍታ፤
እጇን ይዞ ወጣ፣ በዝግታ።

በማግስቱ ዝናብ። ልጁ ሁሉ አዳራሽ ታጭቆ፣
የሚያፈሰው ጣሪያ በሦስት ባልዲ ተጠብቆ፣
እንደምንም መሸ። ብቻዬን ወለሉን ስጠርግ
መስኮቱ ተንኳኳ። ወጣሁ። ከደጁ ጥግ፣
ቆቡ ከራሱ ላይ፣ ገመዱ እንደታሰረ፣
በቀኝ እግሩ ብቻ ቆሞ ነበረ፤
ግራው ካልሲ ብቻ፣ ውሃ የጠጣ።
«ጫማዬ ጠፋብኝ።»
«ግባ፤ ሳጥኑን እናውጣ።»