አምስት ሊትር

ዘይቱ የመጣው ማታ ነው፥ የሰኔ ጾም ሁለት ቀን ሲቀረው፤
አንድ ባለ ጃኬት ልጅ ከባጃጅ ወርዶ ደጄ ላይ አኖረው።
«አምስት ሊትር ነው» አለኝ፤ «ስጦታ ነው፥ ምንም የለበትም፤
ብቻ የዛሬ ሳምንት እሁድ...» ብሎ ሳቀ፤ ሌላ ቃል አልጨመረበትም።

ሚስቴ ብርዛፍ ክዳኑን ከፈተች፥ አሸተተች፤
«ከየት መጣ?» አላለችም፤ ሽንኩርት ከትፋ ድስት ውስጥ ከተተች።
ችግር ደረሰኝ አይጠይቅም፤ ሽሮው በዚያው ዘይት ተሠራ፤
በላን፥ ጣፈጠን፤ ዋሽቼ ምን ላድርግ፤ ትንሿ ልጄ «ድገሚልኝ» ስትል ፊቷ በራ።

እኔ ብሎኬት ሠሪ ነኝ፥ ከቱሉ ዲምቱ ዳርቻ፤
ኮንዶሚኒየሙ ሲያልቅ፥ ከዚያ ወዲያ ጭቃ ብቻ።
ከአንድ ኩንታል ሲሚንቶ ስንት መውጣት እንዳለበት አውቃለሁ፤
ስንት እንደሚያወጡበትም፥ ሌሊት ሌሊት፥ አይቻለሁ።
የጎደለችን አንድ አካፋ በበጋ ማንም አያያትም፤
ክረምት ግን ግድግዳ ገፍቶ ያወጣታል፥ አይረሳትም።

ከብሎኬቱ ማዶ አዴ ሎሚ ነበረች፥ ባቄላ የምትዘራ፤
መሬቷን ለክተው ሄዱ፤ በስሟ ፋንታ ቁጥር ወጣ፥ እስከ ዛሬም በተራ።
«ካሳሽ ይደርሳል» እያለ ሦስት ክረምት ያመላለሳት፥
የዘይቱም ባለቤት እሱው ነው፤
እኔ ስበላ ማን ያስታውሳት!

ለነፍስ አባቴ ለመምሬ ጥላዬ ነገርኳቸው።
«አርባ ስግደት ይስጡኝ» አልኩ። ጋቢያቸውን ሰበሰቡ በእርጋታ፤
«ስግደቱስ ቀላል ነው፥ ጉልበት አለህ፤ እግዜር ግን አይታለልም በሰላምታ።
እገሌን ምረጥ አልልህም፤ ያ የኔ ሥራ አይደለም፤
ስትመርጥ ግን ያቺን ሴት ከፊትህ አቁማት፤ ከሷ የሚበልጥ ምስክር የለም።»

እሁድ፥ ጎህ ሳይቀድ፥ ተሰለፍን ከትምህርት ቤቱ አጥር ዳር፤
ጋሽ ሙዘሚል ሱብሒ ሰግዶ፥ መስገጃው በብብቱ፥ ኪዳን ካደረሱት ጋር።

ከመጋረጃው ጀርባ ባለ ጃኬቱ የለም።
እኔና ወረቀቱ ብቻ፥ እስክሪብቶውም በሲባጎ የታሰረ፤
ያ ዘይት አፌ ውስጥ፥ ሳምንት አልፎት፥ ድንገት መጥቶ መረረ።
«በልተሃል» አለኝ አንድ ድምፅ። «እውነት ነው» አልኩ፤ «በልቻለሁ፤
አምስት ሊትር ነው ዕዳዬ፥ ከላቤ ገዝቼ እመልሳለሁ፤
የአዴ ሎሚን ማሳ ግን በዘይት አልለውጥም፤ ይኸው፥ ምልክት አደርጋለሁ።»

አውራ ጣቴን ቀለም ነከሩት። ጋሽ ሙዘሚልም የሱን አሳየኝ፤
«በቀን አምስቴ በውዱእ ባጥበው አይለቅ፤ ጌታዬ በዚህ ጣት ምን ሠራህ ብሎ ቢጠይቀኝ!»
እኔም አማተብኩ በዚያው ጣት፤ ጥቁሩ ግንባሬን ነካ፤
ጸሎትና ፍርድ በአንድ እጅ ነው የሚያዙት ለካ።

ማን አሸነፈ? እሱን ሬዲዮ ይንገራችሁ።
ብሎኬት ከቅርጹ ስለወጣ አላለቀም፤ ሰባት ቀን ውሃ ይጠጣል፤
የረሱት እንደሆነ፥ መልኩ ቢያምርም፥ ዱቄት ይወጣዋል፥ ይሰነጠቃል።
ሰኞ ውሃዬን አጠጣሁ። ዘይቱን ገዝቼ ከባለ ጃኬቱ ደጅ አኖርኩ፤
ከሰዓት በኋላ አዴ ሎሚን ይዤ ወረዳ ሄድኩ።
«ፋይሉ የለም» አሉን። «እንጠብቃለን» አልናቸው፤
ሁለት ጥቁር አውራ ጣት መስኮቱ ላይ አሳረፍንላቸው።