ፊሽካ የሌለው ዳኛ

ፊሽካዬን ሰቀልኩት ከበሩ ሚስማር ላይ፣
አፉን የሸፈነ ዳኛ ይነፋል ወይ?
ሃያ ሁለት ዓመት አንገቴ ላይ የኖረ፣
ዘንድሮ «ትንፋሽ ነው» ተብሎ ታሰረ።

ከተማዬ ዋይራፓታ ናት፣ አንዲስ ትከሻ ላይ፣
አንድ ክንድ የቀራት ልትደርስ ከሰማይ።
የድሮው ገበያ፣ ጣሪያው ዝቅ ያለ፣
ሰው በሰው ተደርቦ ዋጋ እየተባባለ፣
የሳለው ካልሳለው ሳይታወቅ ሳይለይ፣
ማዘጋጃ ቤቱ ዘጋው መጋቢት ላይ።

ድንቹ ግን አይዘጋም፤ ከአፈር ይወጣል፣
ባቄላም «ቆይ» ቢሉት ያብባል፣ ያፈራል።
ኒልዳ የምትባል የአምራቾቹ አለቃ፣
ወደ ቤቴ መጣች፣ ቆመች ከደጅ ርቃ።
«ፊልሞን፣ ሜዳህን አውሰኝ፤ ጣሪያ የለውምና፣
ትንፋሽ አያድርበት፣ ነፋስ ይወስድና።
መስመሩን የሚያውቅ ካንተ በቀር የለም፣
ኖራ ካለህ አምጣ፤ ቅዳሜ አይርቅም።»

ዓርብ ማታ በኖራ ሜዳውን አሰመርኩ፣
ሁለት ሁለት ሜትር በገመድ ሰፈርኩ።
አይብና ቅቤውን ከግቡ አጠገብ፣
በቆሎ እሸቱን ከማዕዘኑ ክብ፣
መግቢያው በስተቀኝ፣ መውጫው በስተግራ፣
ሳንቲሙም ይታጠብ ከእጆቹ ጋራ።
ላማዎቹ ብቻ፣ ሕጉን የማያውቁ፣
ተደጋግፈው ቆሙ፣ አንገት ተናነቁ።

ኤውሎጊያን ግና፣ ጆሮዋ ስለከዳት፣
ከፍጹም ቅጣት ምት ነጥቡ ላይ አኖርኳት።
ሐምራዊ ድንቿን ደርድራ በሦስት መደብ፣
ገበያተኛውን ጠራች እንደ ቤተሰብ።

ቅናሽ ማለት ድሮ በጆሮ ሹክ ነበር፣
ጎረቤት እንዳይሰማ በመዳፍ ሲነገር።
አሁን ግን በጩኸት፤ «በሁለት ሶል ልውሰድ?»
ሜዳው ሁሉ ሰምቶ ባንድ ላይ ሲፈርድ፣
አናጢው ሲክስቶ ይሄኔ አፈረ፣
ሙሉውን ከፈለ፤ ገዢው ራሱ ምርቃት ጨመረ።

ፊሽካ የሌለው ዳኛ፣ ካርዱን ኪሱ ይዞ፣
ሲዞር ይውል ነበር በፀሐይ ደንዝዞ።
ሁለት ሰው ሲጠጋ ቢጫ መዘዝኩና፣
«አንድ እርምጃ ወደ ኋላ» በእጄ ሳሳይ ገና፣
ሚዜዬ የነበረው ፊቱን አዞረብኝ፣
«ለሽንኩርት ካርድ መዘዝክ?» ብሎ ሳቀብኝ።

ኤውሎጊያ ድሮም ሰውን የምትሰማው፣
ከንፈሩን አይታ ነው፤ ያን ደግሞ ጨርቅ በላው።
ተጠጋች ገዢዋን፣ ተጠጋች በጣም፣
ቢጫውን አሳየሁ፤ ዳኛ ፊት አያይም።
«በሰባ ዓመቴ ተጫዋች ሆንኩ?» አለች፣
አፏ ባይታይም በዓይኗ ጥግ ሳቀች።
በሚቀጥለው ቅዳሜ ካርቶን ላይ ጻፍንላት፣
ዋጋውን በትልቁ፤ ጣት ብቻ በቃት።

ሰኔ ሲገባ ግን ነጥቡ ባዶ ዋለ።
«ጉንፋን ነው» አለ ልጇ፣ «ትንሽ ነው» አለ።
በሁለተኛው ቅዳሜም ድንቿ አልመጣም፣
በሦስተኛው ልጇም ከበሩ አልታየም።

ገመዴ አጥሮ ይሆን? ከሜዳው ነው? ከየት?
ወይስ ከአውቶቡሱ፣ ወይስ ከልጇ ቤት?
አላወቅኩም ዛሬም። ሌሊት ተነሥቼ፣
ሜዳውን እለካለሁ ባትሪ አብርቼ።
ሁለት ሜትር ነበር።
ሁለት ሜትር ነው።
ሁለት ሜትር ግን ስንት ነው?

ዝናቡ ኅዳር ላይ ከተራራው ወርዶ፣
ኖራዬን አጠበው፣ መስመሬን ወስዶ።
ቅዳሜ ማለዳ፣ ባልዲ ሙሉ ኖራ
ተሸክሜ ደረስኩ፤ ሰዉ ቆሟል በተራ፣
ያለ ምንም መስመር፣ በየቦታው ጸንቶ፣
የማይታይ ገመድ በመሃል ዘርግቶ።

ከግቡ ፊት ለፊት፣ አሥራ አንድ ሜትር ላይ፣
ምንም ያልተጻፈ፣ ምንም የማይታይ፣
አንድ ክብ ጭቃ አለ። ልጆች እንኳ ሲሮጡ፣
እዚያ ጋ ሲደርሱ ዞረውት ነው የሚያመልጡ።

ባልዲዬን አኖርኩ፤ እጄን ታጠብኩ፤
ከወረፋው ጭራ
ሽንኩርት ልገዛ ቆምኩ።